ደንም ዕድር ይፈልጋል



የዚህ ዓምድ ተከታታይ የሆኑ አንድ አባት ሰሞኑን ደውለው ጥያቄ አነሱልኝ። ውጭ አገር የሚኖረው ልጃቸው «አባባ፣ በስምህ ለአንድ በጎ ሥራ ገንዘብ ልስጥ፤ አንተ ምረጥ» ብሏቸዋል። እሳቸው ተወልደው ያደጉት ግንጪ አጠገብ ስለሆነ ለጭልሞ ደን ይሁን ብለው አሰቡ። ባለቤታቸው ግን «ሰው ጦሙን እያደረ ለዛፍ ገንዘብ!» ብለው ተቆጡ። «እርስዎ የጤና ባለሙያ ነዎትና ይፍረዱን» አሉኝ።

በባልና ሚስት መካከል ገብቶ መፍረድ ደግ አይደለም። ሆኖም ጥያቄው የብዙዎቻችን ስለሆነ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። የእናትየው ቁጣ የሚናቅ አይደለም። በዚህ የኑሮ ውድነት ከቤት የሚወጣ እያንዳንዱ ብር ሊጠየቅበት ይገባል። ዛፍ ተተከለ ተብሎ ፎቶ ለመነሳት ብቻ የሚሰጥ ገንዘብ ቢሆን እኔም ከእሳቸው ጎን እቆም ነበር። ጭልሞ ግን ለአካባቢው ሰው ውኃ ነው፤ ማገዶ ነው፤ የእናቶች ወገብና የወጣቶች ሥራ ጉዳይ ነው። ገንዘቡ በትክክል ከተሰጠ የሚደርሰው ለሰው ነው። «በትክክል» የምትለዋ ቃል ናት ዋናዋ፤ የዛሬው ጽሑፌም ስለ እሷ ነው።

ጭልሞ ምን ይሰጠናል?

ቦታውን ለማታውቁት፣ ከአዲስ አበባ በሆለታና በአዲስ ዓለም አልፋችሁ ወደ አምቦ ስትጓዙ ግንጪ ከተማን ታገኛላችሁ። ከግንጪ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ስትሉ፣ በደንዲ ወረዳ፣ ከማሳው ማዶ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ጭልሞ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር ከፍ ብሎ ይጀምርና እስከ 3 ሺህ ሜትር ይደርሳል። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት አሉት። የአካባቢው ሰው ጥዱን ጋቲራ፣ ዝግባውን ቢርቢርሳ፣ ወይራውን ኤጄርሳ ይለዋል። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል፣ ድኩላ ከቁጥቋጦ ብቅ ሲል ይታያል። ለአእዋፍ ጠቃሚ ተብለው በዓለም አቀፍ ደረጃ ከተመዘገቡ የአገራችን ቦታዎችም አንዱ ነው።

ይህ ደን ድሮ ዛሬ ከምናየው እጅግ ይሰፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ወደ 22 ሺህ ሄክታር ይጠጋ እንደነበር ጥናቶች ይጠቅሳሉ፤ አሁን የቀረው የተፈጥሮ ደን 6 ሺህ ሄክታር ገደማ ነው። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ሄደ ማለት ነው። የልጅ ልጆቻችን የሚያገኙት የቀረውን አንድ እጅ ነው፤ እሱም ከተጠበቀ።

የአዋሽ ወንዝ መነሻ በግንጪ አካባቢ ያሉት ተራሮች ናቸው። ከጭልሞ የሚወርዱ ምንጮችም አዋሽን ከሚመግቡት መካከል ናቸው። አዋሽ ከዚያ ወርዶ ቆቃ ግድብ ይገባል፤ የመተሐራን የሸንኮራ አገዳ ያጠጣል፤ አፋርን አቋርጦ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ደርሶ ይቀራል። ባሕር ሳይደርስ እዚሁ የሚያልቅ ወንዝ ነው። ስለዚህ ጭልሞ ላይ የሚወድቅ ዛፍ ጉዳቱ የግንጪ ብቻ አይሆንም።

«ደን ዝናብ ያመጣል» ሲባል እንሰማለን። እኔ የማስረዳው በምናውቀው በግሉኮስ ነው። ለታማሚ ግሉኮስ ስንሰጥ በጠብታ እንጂ በአንድ ጊዜ አናፈስም። ደንም ለመሬት እንዲሁ ያደርጋል። የሐምሌን ዶፍ ቅጠሉ ይሰብረዋል፤ መሬት ላይ የተነጠፈው የረገፈ ቅጠል እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል፤ ሥሩ ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል። ውኃው ቀስ እያለ ወርዶ በጥርና በየካቲት በምንጭ በኩል ይወጣል። ደኑ ሲመነጠር ያው ዝናብ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ሆኖ አፈሩን ይዞ ይሄዳል፤ በበጋ ደግሞ ምንጩ ይደርቃል። ምንጭ ሲደርቅ ምን እንደሚከተል ጤና ጣቢያ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። እናት ከሩቅ ትቀዳለች፤ ውኃው ያንሳል፤ እጅ መታጠብ ይቀራል፤ ሕፃናት በተቅማጥ ይመጣሉ። ለእነዚያ ሕፃናት የምንሰጠው የንጥረ ነገር ውኃ ሕይወት ያተርፋል፤ የደረቀውን ምንጭ ግን አይመልሰውም።

ከዘበኛ ወደ ባለቤት

ጭልሞ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ደኖች ለረጅም ዘመን በመንግሥት ዘበኛ ይጠበቅ ነበር። ዘበኛው ቀን ሲያባርር ባለመጥረቢያው ሌሊት ይመለሳል። አጠገቡ የሚኖረው ገበሬ ደኑ የእሱ ስላልነበረ መቆሙ አይጠቅመውም፤ መቆረጡ ግን ለዕለት ጉርሱ ይጠቅመዋል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ደን ቢያልቅ አይገርምም።

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ፋርም አፍሪካና ኤስ ኦ ኤስ ሳህል የተባሉ ድርጅቶች ከመንግሥት ጋር ሆነው ሌላ መንገድ ሞከሩ። አሳታፊ የደን አስተዳደር ይባላል፤ ጭልሞም በአገራችን ቀድመው ከሞከሩት ቦታዎች አንዱ ነው። አሠራሩ ይህን ይመስላል፦ በደኑ ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች ይደራጃሉ፤ ከመንግሥት ጋር ውል ይገባሉ። በውሉ መሠረት ደረቅ እንጨት የመልቀም፣ ሣር የማጨድ፣ ቀፎ የመስቀል መብት አላቸው። በልዋጩ ደኑን በተራ የመጠበቅ፣ ሕገወጥ ቆራጭን የመከላከል፣ የተመነጠረውን ቦታ ከከብት ከልሎ እንዲያገግም የማድረግ ግዴታ ይገባሉ። በጭልሞ እንዲህ ያሉ አሥራ ሁለት ቡድኖች ተደራጅተው ኋላም ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበርነት አድገዋል።

ሥራው እንከን የለውም አልልም። የደኑ ገቢ ትንሽ ነው። አባል ያልሆነው ጎረቤት ቅር ይለዋል። ማገዶ ፍለጋ በየዕለቱ የሚመጡት ሴቶች በስብሰባ ላይ ብዙ አይናገሩም። የፕሮጀክት ገንዘብ ደግሞ ዘላለም አይኖርም፤ ቀኑ ሲደርስ መኪናውም ባለሙያውም ይመለሳል። ያኔ ሌሊት ጥበቃ የሚወጣው ገበሬ የዝናብ ልብሱንም የእጅ ባትሪውንም ከራሱ ኪስ ሊገዛ ነው። የእኛ ስጦታ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ሳላነሳ አላልፍም። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የግንጪ ተማሪዎች አደባባይ የወጡት የጭልሞ ደንና የከተማው የኳስ ሜዳ ለባለሀብት ሊሰጥ ነው በሚል ነበር። ከዚያች ትንሽ ከተማ የተነሳው ተቃውሞ መላ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ ብዙ ወጣቶችም ሕይወታቸውን አጡ። ፖለቲካውን ለሚያውቁት እተዋለሁ። ለእኛ ለወላጆች የሚቀረው ትምህርት ግን ግልጽ ነው። የአካባቢው ሰው ሳይጠየቅ ስለዚያ ደን የሚወሰን ነገር በሰላም አይፀናም። ይህ ለባለሥልጣን ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለበጎ አድራጊም ይሠራል። አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጠን «ለጭልሞ ይህ ይሻለዋል» ብለን የምንልከው ስጦታ፣ እዚያ ያለው ሰው ካልመከረበት ቸርነት መሆኑ ይቀርና ጣልቃ ገብነት ይሆናል።

መሬት አይሰጥም፤ እንክብካቤ ግን ይሰጣል

በሌላው ዓለም ሰዎች መሬታቸውን ራሱን ለሕዝብ ይሰጣሉ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1895 «ናሽናል ትረስት» የተባለ ማኅበር ሲመሠረት፣ የመጀመሪያ ስጦታው ዌልስ ውስጥ ያለ ባሕር ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ነበር። የሰጡት ፋኒ ታልቦት የተባሉ ሴት ናቸው። ኮረብታው አምስት ሄክታር እንኳ አይሞላም፤ ሰው እየተራመደ ይናፈስበት ብለው ነበር የሰጡት። ዛሬ ያ ማኅበር ከ5 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት።

በእኛ አገር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ ኮረብታ ገዝተን ለልጆቻችን መተው አንችልም። ነገር ግን በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብ ደንን በሕግ ያውቃል። እኛ መስጠት የምንችለው እንክብካቤውን ነው። ጥበቃውን፣ ጉልበቱን፣ ዕውቀቱንና ይህን ሁሉ የሚያስኬደውን ትንሽ ገንዘብ ማለቴ ነው።

ገንዘቡ ምን ላይ ቢውል ይጠቅማል? የማኅበሩ አባላት የሚሉት እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ሦስት ነገሮችን ላንሳ።

አንደኛው ጥበቃው ነው። በዝናብና በብርድ ሌሊት ለሚወጣ ሰው ቦት ጫማ፣ የዝናብ ልብስና የእጅ ባትሪ ትንሽ ነገር ይመስላል። እነዚህ በሌሉበት ግን ጥበቃው በወረቀት ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው ምድጃ ነው። ምድጃ ከደን ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ትኖራላችሁ። ከጭልሞ በየቀኑ የሚወጣው ትልቁ ሸክም በእናቶችና በልጃገረዶች ጀርባ የሚወጣው ማገዶ ነው። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ግማሽ ማገዶ ማለት ለእናት ግማሽ ሸክም ነው። በምድጃ ጢስ ውስጥ የሚያድግ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ አደጋው ከፍ ያለ ነው። ክፍት እሳት ዳር የሚድኸውን ሕፃን ቃጠሎ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዲት ምድጃ ስንሰጥ ለደኑም፣ ለእናቲቱም፣ ለሕፃኑም ሰጠን። ተቆጥተው የነበሩት እናት ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ ባላውቅም፣ ምድጃ የሚለውን ሐሳብ ከእኔ ይልቅ እሳቸው በደንብ እንደሚገባቸው አልጠራጠርም።

ሦስተኛው የእግር መንገዱ ነው። በደን ውስጥ የእግር መንገድ እንዲሁ በእርግጫ የሚወጣ ይመስለናል። በአግባቡ ካልተሠራ ግን መንገዱ ራሱ የደኑ ቁስል ይሆናል። ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ የሚወርድ መንገድ በክረምት ቦይ ሆኖ አፈሩን ይጠርጋል፤ ከሦስት ክረምት በኋላ ቦረቦር ነው። ስለዚህ መንገዱ ዳገቱን እየተጠማዘዘ መውጣት አለበት። በየመሐሉ ውኃውን ወደ ጎን የሚያወጣ አግድም ድንጋይ ወይም ግንድ ይቀበርበታል። ከክረምት በፊት ይጠረጋል፤ ከክረምት በኋላ ይጠገናል። ይህ የወጣቶች ሥራ ነው፤ ብዙ ማሽን አይፈልግም፤ ደመወዝ ግን ይፈልጋል። መንገዱ ሲኖር እንግዳ ይመጣል። እንግዳ ሲመጣ አስጎብኚው፣ ፈረስ አከራዩ፣ ቡና አፍልታ የምትሸጠው ልጅ ገቢ ያገኛሉ። የቆመው ዛፍ ከተቆረጠው የበለጠ ዋጋ የሚያወጣው ያኔ ነው።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን ብዙዎቻችሁ በ«እመጓ» መጽሐፋቸው ታውቋቸዋላችሁ። ሙያቸው ግን የደን ምርምር ነው። በደቡብ ጎንደር በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የቀሩት የአገር በቀል ዛፎች በከብት ግጦሽና በእርሻ መስፋፋት እያነሱ መሄዳቸውን አጠኑ። ከዚያም ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ለካህናቱ ችግሩን አሳዩ። መፍትሔው የድንጋይ ካብ ሆነ። ገንዘቡ አሜሪካ ውስጥ ከበጎ ፈቃደኞች ተዋጣ፤ ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ተለቀመ፤ ካቡን የሠራው የአካባቢው ሰው ነው። ማሳውም ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑም ከከብት ዳነ። ዛራና ደብረ ሰና ከካቡ ተጠቃሚዎች መካከል ናቸው። እዚህ ላይ የምወደው ነገር ሥራው ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ተመክሮበት መጀመሩ ነው። ገንዘቡ መጣ እንጂ ባለቤትነቱ አልሄደም።

እንጦጦም ሌላ ምሳሌ ነው። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በባሕር ዛፍ የተሸፈነውን ተራራ ሰፊ ክፍል ተረክቦ ጥዱና ወይራው እንዲመለስ ለዓመታት ሲደክም የኖረው በአባላት መዋጮና በበጎ አድራጊዎች ስጦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም በአባልነት የቆመ ነው። መዋጮ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ከጎረቤት አገር ደግሞ የናይሮቢን ካሩራ ደን ልንገራችሁ። ከ1 ሺህ ሄክታር በላይ የሆነው ይህ ደን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለግለሰቦች ተሸንሽኖ ሊያልቅ ነበር። ኋላ የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በጥር 1999 ችግኝ ይዘው ሄደው እዚያው ተደብድበዋል። ደኑ ግን ተረፈ። ከዓመታት በኋላ «የካሩራ ወዳጆች» የተባለ ማኅበር በስጦታ ገንዘብ አጥር አጠረ፤ መንገድ አወጣ፤ ከአጠገቡ ካለው ድሃ ሰፈር ወጣቶችን በጥበቃ ቀጠረ። ድሮ ዘራፊ አለ ተብሎ የሚፈራው ጫካ ዛሬ ቤተሰብ እሑድ እሑድ የሚራመድበት ሆኗል። የመግቢያ ክፍያውም ደኑን ለመጠበቅ ይውላል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ ከአምቦ በስተደቡብ ያለውን ወንጪን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የአካባቢው ሰዎች ተደራጅተው በተራ ፈረስ ሲያከራዩና እንግዳ ሲያስጎበኙ የኖሩበት ነው። በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው «ገበታ ለሀገር» ከተመረጡት ሦስት ቦታዎች አንዱ ሆኖ፣ ባለሀብቶች ለአንድ እራት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የከፈሉበት ታላቅ ፕሮጀክት ተሠራበት። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተባለ። ደስ ይላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ደን የ10 ሚሊዮን ብር እራት አይደርሰውም። ለጭልሞና ጭልሞን ለመሳሰሉት የሚደርሳቸው ከእኔና ከእናንተ መሶብ የሚቆረሰው ነው።

በጠብታ እንስጥ

በጤና ሥራ ዘመኔ የማልረሳው አንድ ነገር አለ። በዘመቻ አንድ ቀን ሺህ ሕፃን መከተብ ይቻላል። ነገር ግን ሕፃኑ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዙር ካልተመለሰ ጥበቃው ጎዶሎ ነው። የችግኝ ተከላችንም እንዲሁ ነው። በሐምሌ ተከላው ይደምቃል፤ በጥር ማን ያጠጣዋል? በመጋቢት ከፍየል ማን ይጠብቀዋል? እንደ ጭልሞ ያለ ነባር ደን ደግሞ ከአዲስ ችግኝ ይልቅ ያለውን መጠበቅ ይፈልጋል። የመቶ ዓመት ዝግባ በአንድ ሌሊት ይወድቃል፤ የሚተካው ግን በልጅ ልጆቻችን ዘመን ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን በትንሽ በትንሹ ሳያቋርጡ መስጠትን የሚያስተምር ጥሩ ትምህርት ቤት አለን፤ ዕድር ይባላል። ማንም ሰው ዕድሩን አንድ ጊዜ ብዙ ብር ከፍሎ አይረሳውም። በየወሩ ይከፍላል፤ ይመዘገባል፤ ሒሳብ ሹሙ ይጠየቃል፤ ስም ይጠራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው። መቶ አባላት ያሉት አንድ ዕድር በወር ከየቤቱ 20 ብር ቢጨምር በወር 2 ሺህ፣ በዓመት 24 ሺህ ብር ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ከሚመጣ ትልቅ ገንዘብ ይልቅ ሳያቋርጥ የሚመጣ ትንሽ ገንዘብ ለደን ጠባቂው ይሻለዋል፤ በእሱ ላይ ማቀድ ይችላልና።

ውጭ ያሉ ልጆቻችሁም በአንድ ጊዜ ሊልኩ ያሰቡትን ለሦስት ዓመት ከፍለው በየጊዜው ቢልኩ ይመረጣል። የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ታይቶ የሁለተኛው ይለቀቃል።

ከመስጠታችሁ በፊት ግን እነዚህን ጠይቁ፦

የሚቀበለው አካል በሕግ የተመዘገበ ነው? ኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ ከወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት፣ ግብረ ሠናይ ድርጅት ከሆነ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል።

የባንክ ሒሳቡ በማኅበሩ ስም ነው ወይስ በግለሰብ ስም? በግለሰብ ስም ከሆነ ሰውየው የቱንም ያህል ደግ ቢሆን አትስጡ።

የመጨረሻው የሒሳብ ምርመራ መቼ ተደረገ? ውጤቱስ ለአባላቱ ተነቧል?

ደረሰኝ ይሰጣል? ምን እንደተሠራበትስ በዓመት አንድ ጊዜ ይነግሯችኋል?

ከሁሉም በላይ፣ የደኑ አጎራባች ሴቶች በውሳኔው አሉበት? ማገዶ የምትሸከመዋ እናት ያልተስማማችበት የደን ክልከላ አይዘልቅም።

መጠየቅ ነውር አይደለም። ዕድር ላይ ያለ ሒሳብ ሪፖርት ዓመት አናሳልፍም፤ እዚህስ ለምን እናሳልፋለን?

ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ

ስጦታው በባንክ ብቻ እንዳይቀር አደራ እላለሁ። የልጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ደን ውስጥ ተራመዱ። ያላየውን ዛፍ የሚወድ ልጅ የለም። ጭልሞ ባይመቻችሁ በቅርባችሁ ያለ የቤተ ክርስቲያን ጸበል መውረጃ ወይም በሰፈራችሁ ያለ ኮረብታ ይበቃል።

ጭልሞ ለመሄድ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ የአካባቢውን ሁኔታ ከወረዳው ጠይቁ፤ ከአካባቢው ሰው አስጎብኚ ያዙ፤ ከመነሳታችሁ በፊትም ዋጋውን ተስማሙ። ቦታው ከፍታ ስለሆነ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ መድኃኒታችሁን ሳትዘነጉ በዝግታ ውጡ። ንግግር እስኪያቅታችሁ ድረስ ካስተነፈሳችሁ ቁሙ። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነውና ምርኩዝ ያዙ። ውኃ፣ ኮፍያና የማይንሸራተት ጫማ አትርሱ።

ልጆቹን አቋራጭ እንዳይወጡ ንገሯቸው። አቋራጭ የቦረቦር መጀመሪያ ነው። ላስቲኩንና የውኃ ጠርሙሱን ወደ ቤት ይዘው ይመለሱ። መንገድ ዳር «ብር ስጡን» ለሚሉ ሕፃናት ሳንቲምና ከረሜላ አታድሉ። ልባችሁ ቢራራም፣ ከትምህርት ቤት እያስቀረ መንገድ ላይ የሚያቆማቸው ይኸው ልምድ ነው። ለእነሱ የምትሰጡትን ለትምህርት ቤታቸው ስጡ፤ ለወላጆቻቸው ደግሞ ሥራቸውን ግዙ። ማር ካላቸው ማር፣ ቡና ካፈሉ ቡና፣ ፈረስ ካላቸው ፈረስ። ያንን ስትከፍሉም ሳትከራከሩ ክፈሉ።

ልጆቹ እዚያ ያሉትን ዛፎች ስም ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጠይቀው በደብተራቸው ይጻፉ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። አያቶች ለዚህ ጊዜ አለን። ጡረታ የወጣን መምህራን፣ የሒሳብ ሠራተኞች፣ ነርሶች ደግሞ ከገንዘብ ሌላ የምንሰጠው አለን። ሒሳብ አዋቂው የማኅበሩን መዝገብ ማስተካከል ይችላል። መምህሩ ማመልከቻ ይጽፍላቸዋል። የጤና ባለሙያ የደን ጠባቂዎቹን የመጀመሪያ እርዳታ ያሠለጥናል፤ መጥረቢያና ገደል ባለበት ሥራ ይህ ያስፈልጋል።

ለዕድር ሰብሳቢዎች አንድ ልመና ልጨምር። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንድ አጀንዳ ያዙ፤ «ውኃችን ከየት ይመጣል?» የሚል። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ሆለታ ያላችሁ፣ አምቦ ያላችሁ መልሱ ይለያያል። አምቦ ያላችሁ ሁሉቃ ወንዝ ከደንዲ ሐይቅ ወርዶ ከተማችሁን እንደሚያቋርጥ ታውቃላችሁ፤ ከላይ ያለው ተራራ ምን እንደሚመስል ግን መቼ አያችሁ? ከምንጩ አጠገብ ማን እንደሚኖር፣ ደኑን ማን እንደሚጠብቅ ሁለት ሰው መርጣችሁ ላኩና ይጠይቁ። ተመልሰው ሲነግሯችሁ ከዚያ ስለ መዋጮው ተነጋገሩ። መጠኑ ትንሽ ይሁን፤ ግን አይቋረጥ።

ጥያቄ ወይም ከአካባቢያችሁ የምታካፍሉት ልምድ ካላችሁ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ላኩልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።